ከመጋረጃው ኋላ የተሰቀለው ኮት

ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ። ደኅንነትሽን ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ ማመልከቻ ባስገባሽ ቁጥር እንዳይቀበሉሽ ስጸልይ የከረምኩ ሰው ነኝና። አዎ፣ እኔው አባትሽ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሊውጠኝ ሲደርስ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጅ መልስልኝ" እል ነበር። መልስልኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

የልምምድ ቦታ ካላገኘሽ እንደማትመረቂ ነግረሽኛል። የመጀመሪያው ፋብሪካ እንቢ ያለሽ ቀን ደውለሽ ስታለቅሺ "አይዞሽ፣ ለበጎ ነው" አልኩሽ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። እናትሽ ከሄደች እንዲያ በልቼ አላውቅም ነበር። ሌሎቹም ተከታትለው በር ሲዘጉብሽ፣ እኔ እዚህ አንሶላሽን አጥቤ አልጋሽን አነጥፍ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ኮቱ ነው። ለቃለ መጠይቅ የምለብሰው ጥቁር ኮት ስፋልኝ ብለሽኝ፣ ልክሽን ወስጄ፣ በሳምንቱ ቆርጬ ገጣጥሜዋለሁ። ስትጠይቂኝ ግን "ጨርቁ አልመጣም" እያልኩ፣ እጅጌውን ሳልገጥም ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ሰቀልኩት። ልብስ ሰፊ ቀጠሮ አያከብርም ሲባል ደረቴን ነፍቼ "እኔን አይጨምርም" የምል ሰው፣ የገዛ ልጄን ቀጠሮ አጠፍኩ። አንቺ በተዋስሽው ሹራብ በየቢሮው ተንከራተትሽ።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ድምፅሽ የሌላ ሰው መሰለኝ። "አባዬ፣ አንድ መድኃኒት ፋብሪካ ለዐርብ ጠርቶኛል፤ አልሄድም። እንቢታቸውን ቆሜ መስማት ሰለቸኝ። መጥቼ አንተ ጋ ቁልፍ እተክላለሁ" አልሽኝ። የቀለድሽ መስሎኝ ሳቅሽን ጠበቅሁ። አልሳቅሽም። ጸሎቴ ሰመረ ማለት ነው፤ ልጄ ልትመለስልኝ ነው። ግን የምትመለሰው፣ ሻንጣዋን ተሸክሜ የሸኘኋት ልጅ አልነበረችም። ያኔም እንኳ "ሂጂ" ማለት አቅቶኝ "እንደ ፈቀድሽ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሰዓት ጠጋኙ እንደ ልማዱ መርፌዬ ላይ ክር ሊያስገባልኝ ጎራ አለ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ፣ "አንተ ሰው፣ ይሄ እጁ የተቆረጠ ኮት የማን ነው?" አለኝ። የልጄ ነው አልኩት። "ታዲያ ልጅህ ምን አጥፍታ ነው ያሰርክባት?" ብሎ ሳቀ። እሱ የቀለደው ነው፤ እኔ ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ "በል፣ ክር ማስገባቱን ለኔ ተወው፤ አንተ ስፋ" አለኝ።

ሰፋሁት። ቁልፎቹ ከእናትሽ ካፖርት የፈታኋቸው ናቸው። ግራ እጅጌው ላይ ስፌቱ ጠመም ካለብሽ ጥፋቱ የዚህች አሮጌ መኪና ነው። ፊደሌም የገዘፈው ወረቀቱ ስለተረፈኝ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

በጎንና በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ትቼልሻለሁ፤ ከጠበበሽ ይፈታል። ሲለካ አልሆን ብሎ የተመለሰ ልብስ በዚህ ሱቅ ተጥሎ አያውቅም፤ ፈትቼ፣ ደግሜ ሰፍቼ ስንቱን አልብሻለሁ። ዐርብ ለብሰሽው ሂጂ። እንቢ ካሉሽም ኮቱ ያንቺ ነው፤ ለሚቀጥለው በር ትለብሺዋለሽ።

ዛሬ ጠዋት ተንበርክኬ ያንን ልመናዬን መልሼ ልወስድ ሞከርኩ። በመጨረሻ "ትቅርብኝ" አልኩ።

ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ፈጣሪ መንገድሽን ይጥረግልሽ፤ የኔን የከረመ ጸሎት አይስማብሽ፣ የእናትሽን ይስማልሽ።

አባትሽ

ይህን የምጨምረው መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር ኮቱን ተቀብሎኝ ከወንበሩ ጀርባ ሰቅሎታል፤ "አባቴ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ጭኛለሁ!" እያለ ጥሩምባውን ይነፋብኛል። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሱ ውስጥ ልከተው ነው። ኮትሽን ልኬልሻለሁ።