የቡልቡላ ልጆች አርሞኒካ

ልጄ ጤናዬ፣ በሰው አገር የሚወድሽን አያሳጣሽ። የላይፕዚግ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ናዝሬት ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

የላክሻቸውን አርሞኒካዎች ከቡልቡላ ወዲያ ላለው የገጠር ትምህርት ቤት ራሴ አደረስኩ። ገና ካርቶኑን ስንከፍት የወረዳው ኪነት ኃላፊ ከተፍ ብሎ፣ «ይኼማ ለኪነት ቡድናችን ነው» አይል መሰለሽ! ክው አልኩ። አስተማሪዋ ቶይባ ግን ለልጆቹ አደለቻቸውና፣ «በሉ፣ ሁላችሁም ንፉ!» አለች። ጩኸቱን ብትሰሚው! ሰውዬው ከአርሞኒካው የሚንጠባጠበውን ምራቅ ሲያይ፣ «ኤጭ! በቃ፣ ይያዙት» ብሎ ሄደልን።

ልጆቹ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውሻል። እነሱን እንዳስደሰትሽ ፈጣሪ ያስደስትሽ። ካልሲ ደርበሽ ልበሺ እሺ? ሌላ የምትልኪ ከሆነ ደግሞ፣ አደራ፣ በአፍ የሚነፋ ይሁን።

እናትሽ አሳየች