ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው እንግዳ

ሁሩሙ፣ ጥቅምት ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.

ኮሪያ ለዘመቱት ወንድሜ ለጋሼ ቀነዓ፤ ባሕር የማያግደው ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነን።

የእማዬ ምግብ ቤት እንደ ድሮው ነው። ወደ ጎሬ ከሚያልፈው መንገደኛ አንዱ ያመሰግናል፣ አንዱ ያማርራል። ነጋዴው ነዚፍ ሥጋችንን ባይበላም «የእትዬ ኡርጌን ሽሮ የሚያህል ከጅማ ወዲህ የለም» ይላል። አንድ ጸሐፊ ደግሞ «ወጡ ጨው በዛበት» ብሎ ጥሎት ሄደ። ውሸቱን ነው፣ አልበዛበትም!

አንድ የካሚዮን ሹፌር ግን በሌላ ነገር ተቆጣ። «በግራው ከሚበላ ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ ታስቀምጡኛላችሁ?» አለኝ። የበላው ብቻውን ነበር። ጠጅ ያናገረው መሰለኝ። በሳምንቱ ከያዮ የመጡ ባልና ሚስት ምግቡን አመስግነው ሲወጡ፣ ሚስትየዋ «ከበሩ አጠገብ ያለው ወታደር ግራ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ምነው አታስታጥቡትም?» አለችኝ። ዞር ብዬ ባይ መደቡ ባዶ ነው።

እማዬ ሰማች። ማንቆርቆሪያውን አንስታ፣ በልጅነትዎ ትጠራዎ እንደነበረው «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ! ና፣ ልጄ!» እያለች መደቡ ዘንድ ሄዳ ሳፋው ላይ ውሃ አፈሰሰች። በኋላ ሳፋውን ሳነሳው ደረቅ ነበር።

ጋሼ፣ አንድ መስመርም ብትሆን በራስዎ እጅ ይጻፉልን። እማዬ «በግራው ይጻፍ፣ በግራውም ይብላ፤ ከእንግዲህ እጁን አልመታውም በይልኝ» ብላለች።

ያሉበትን የሚያውቅ አምላክ ይጠብቅዎ።

እህትዎ ሽብሬ