ለማሪቪክ ድምፅ የሚሆን ቤዝ

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ፋርማሲ ውስጥ የሳል ሽሮፕና የልጆች ትኩሳት ማስታገሻ ብቻ ስንሸጥ ዋልን። ቤት ስገባ ታላቅ እህቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ሩዝ ቀቅላ የደረቀ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። በላን።

"ሥራ እንዴት ዋለ ኢንዳይ?" ታናሿ ስለሆንኩ እንዲህ ነው የምትጠራኝ፤ እኔም ማናንግ እላታለሁ።

"ሳል በሳል።"

ሳቀች። ሳቋ እንኳ ወፍሯል።

ማሪቪክ ከማሌዥያ ከተመለሰች አራተኛ ወሯ። አሥራ ስምንት ዓመት በየሆቴሉ ስትዘፍን ኖራ ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ወጣባት። ቀዶ ጥገናው ደህና ነበር፤ ሐኪሙም መዝፈን ትችያለሽ ብሏታል። ድምፅዋ ግን ወርዶ ቀረ። ድሮ በቀላሉ የምትወጣበት ጋ አሁን አትደርስም። ስለዚህ ጨርሶ ተወችው። ልብስ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም። የዘፈን ሥራ የሚያገኝላት ደላላ ከማኒላ ይደውላል፣ አታነሳም።

ከሷ ዘፈን ጋር ያደግሁት እኔ... ይህን ጸጥታ የት ላድርገው?

እሑድ፣ ጁላይ 14

ከቅዳሴ በኋላ፣ በዕድሜው ማኖንግ የምንለው ኤልመር እያማረረ ነበር። በሳምንቱ ቀናት የሕዝብ ማመላለሻ ጂፕኒ ይነዳል፣ እሑድ ጸሎት ቤት ጊታር ይመታልናል። ቤዝ ጊታር የሚመታልን ጁንሬል መርከበኛ ሆኖ ሄዷል።

"ለሚካኤል በዓል ያለ ቤዝ ልንቆም ነው። አንቺ ኔሪሳ፣ ለምን አትማሪም?"

"በአርባ ሦስት ዓመቴ?"

"ቤዝ ዕድሜ አይጠይቅም። ክሩ አራት ነው፣ ጣትሽ አምስት። አንድ ይተርፍሻል።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፦ "ድምፁ ዝቅ ያለ ዘፋኝ በጊታር ብቻ ራቁቱን ነው። ከሥሩ ቤዝ ሲገባለት ነው የሚደገፈው።" ስለ ማሪቪክ አልነበረም የሚያወራው። ስለ ራሱ ነው።

ቤት እስክደርስ ይቺው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ስትዞር መጣች።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ብቻዬን የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለቴ ተመለስኩ። ምን ፈልገው ነው ማዳም ቢሉኝስ?

አሉኝ።

ሻጩ ቀይ የሚያብረቀርቅ ባለ አምስት ክር ቤዝ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ትከሻዬ ወደቀ። የቤዙ አንገት ጫፍ ላይ ያለው የመጀመሪያው ብረት ጋ ለመድረስ እጄን ብዘረጋ ብዘረጋ... ደግሞ ግራኝ ነኝ። "የግራኝ የለንም። ከማኒላ ማዘዝ ነው፣ ወራት ይፈጃል" አለ። ከዚያ "ለጀማሪ" የሚል ሣጥን አሳየኝ። ቤዙም፣ ማንጠልጠያውም፣ የዳቦ ቅርጫት የምታህል ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየርም አንድ ላይ። ሰክቶ ወፍራሙን ክር ሲመታው አምፑ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ንብ ጮኸ። እኔ ምን አውቄ? እንዲህ ነው መሰለኝ።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

"የት ነበርሽ?" አለች ማሪቪክ።

"ገበያ።"

"ምን ገዛሽ?"

ምንም። ባዶ እጄን አየችው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

የጁንሬል እናት ቤዙን ሞክሪው ብላ በማኖንግ ኤልመር እጅ ላከችልኝ። ከወደድሽው ትገዢዋለሽ ብላለች። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ክሩን ስጫን ጣቴን እንደ ምላጭ በላኝ። ክሩ ከቤዙ አንገት በጣም ርቋል። ጥፋቱ የኔ ይሆን?

ማሪቪክ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቤዝ።"

"ማን ሊመታው?"

"እኔ።"

አልሳቀችም። ገብታ ተቀበለችኝ፣ እንደ ጠመንጃ አነጣጥራ አንድ ዓይኗን ጨፍና አንገቱን አየች። "ጠሟል" አለች። "በዚህ የጀመረ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል፣ ከዚያ እድሜ ልኩን ጣቴ ሰነፍ ነው ሲል ይኖራል። መልሺላቸው።" ወጣች።

ተቆጣች ብዬ ነበር። እራት ላይ፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ፦

"ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

የምጽፈው ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

ላ ፓዝ ገበያ ጀርባ ያገለገሉ መሣሪያዎች የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ዴክስተር ይባላል፣ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ፀጉሩ ወገቡ ይደርሳል። የመጀመሪያ ቤዜን ልገዛ ነው ስለው ማሪቪክን ነው ያየው።

"እኔን ተወኝ" አለችው። "ወደ እሷ ዙር።"

ግራኝነቴን ነገርኩት። እሱም የለውም። ተስፋ ቆርጬ ወደ በሩ ሳይ ማሪቪክ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሁለቱም እጆችሽ ዛሬ ምንም አያውቁም፣ አይደል? እንግዲያው እንደ ሰው ሁሉ ያዢው። ከባዱን ሥራ አንገቱ ላይ ያለው ግራ እጅሽ ነው የሚሠራው። ነገ ደግሞ የማንንም ተውሰሽ መምታት ትችያለሽ። የግራኝ ብቻ ከለመድሽ ማን ያውስሻል?"

ዴክስተር ሦስት አወረደልን፣ ሁሉም ባለ አራት ክር። ቆሜ እንድይዛቸው አደረገችኝ። "ተቀምጦ የማይከብድ የለም። ቁሚና አንድ ዘፈን ያህል ቆዪ።" አንዱ ወዲያው ጀርባዬን ያዘኝ፤ ተመለሰ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ አንገቱ አጠር ያለ ነው። ቡናማ፣ ጀርባው በቀበቶ ዘለበት የተፋቀ። መልክ የለውም። እጄ ግን ደረሰ፤ ሳልንጠራራ።

"ድምፁስ?" አልኩ።

"እሱን እኔ አየዋለሁ።"

ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳውን እያየች ቆመች። ዴክስተር ረጅሙን መታ።

"ጩኸታም ነው። ሌላውን።"

አጭሩን ሲመታ ራሷን ዘንበል አደረገች። "ቀስ በል" አለችው። "እዚያው ሁን።" ከዚያ... ማንጎራጎር ጀመረች። አባታችን ጀልባ ሲቀባ የሚያዜማትን። በአፍንጫዋ ነበር፣ በኋላ አፏ ተከፈተ። ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻካራ፣ የማላውቀው ድምፅ። ዴክስተር ዜማውን አያውቀውም፣ ግን እግር በእግር ተከተላት። ከሷ ሥር ገባ። ሁለት ስንኝ። ከዚያ አቆመች።

"ይሄ ነው" ብላ ወደ ውጭ ወጣች። በመስታወቱ አየኋት፤ ከጋሪ ላይ በዘይት የተጠበሰ የዓሣ ኳስ ገዝታ ቆማ ትበላለች፣ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ዴክስተር ቤዙን እንደያዘ ቀረ።

"ማን ናት ማዳም?"

"እህቴ።"

ስትመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ አምፕሊፋየር ጀመረች። ዴክስተር ርካሽ የጊታር አምፕ አቀረበ። "ቤዝ ሰክታበት ስፒከሩን ልታስቀድዳት ነው?" አለችው። እሱም ሳቀ። ትንንሾቹን አለፈች። የፈለገችው ሰፋ ያለ ስፒከር ያለው፣ ለጸሎት ቤታችን የሚበቃ፣ ሁለት ሴቶች የሚሸከሙት፣ ጎረቤት እንዳያባርረን የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት። አንድ ጥቁር አገኘን፤ አንዱ ጥጉ ተልጧል። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወፍራሙን ክር አስመታችኝ። ንብ የለም። ወለሉ ነው በጫማዬ ውስጥ የመለሰልኝ።

ከመደብሩ ሣጥን ዋጋ ብዙም አልበለጠ። በዝናብ፣ በባለ ሦስት ጎማ ትራይሲክል፣ አምፑ ጭናችን ላይ፣ ቤዙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቤት ገባን።

ዓርብ፣ ኦገስት 2

የጣቴ ጫፍ ተላጠ። ዛሬ የደንበኛ መልስ ስቆጥር ሳንቲሙን መያዝ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 8

አንድ ክር፣ አንድ ድምፅ፣ ደጋግሞ። ማሪቪክ በእግሯ ምቱን ትይዝልኛለች። "ሰው እንዲያይሽ ብለሽ አትምቺ። ስታቆሚ ነው ሰው መኖርሽን የሚያውቀው።" ይሄ ማጽናኛ ነው ወይስ ስድብ?

እሑድ፣ ኦገስት 18

ከማሪቪክ ጋር ተጣላን።

ቤት ከማኖንግ ኤልመር ጋር ስንለማመድ ሁለት ዘፈን ዝቅ አድርገን በሷ ድምፅ ልክ አስተካከልን። እኔ ነኝ የጠየቅሁት። "አንዷን ሞክሪያት ማናንግ፣ እዚህ ሌላ ሰው የለም" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ማኖንግ ኤልመር ጂፕኒው መንገድ ዘጋ ብሎ ወጣ። ምንም አልዘጋም።

"ለኔ አዝነሽ ነው ቤዙን የገዛሽው።"

ከትከሻዬ አወረድኩት።

"ንገሪኝ። ታማሚ ነኝ? እንደ ሕፃን መሰላል ልትሠሪልኝ ነው?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። "መጀመሪያ አዎ" አልኩ።

"አሁንስ?"

"አሁን ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ጣቴ ባንኮኒው ላይ ይሄዳል። ሰው መድኃኒት ሲጠይቀኝ አልሰማም። አንቺ ባትዘፍኚም እመታለሁ። የኔ ሆኗል።"

አየችኝ። እንዲህ ስታየኝ አላስታውስም። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። ራሴን አሞኛል ብላ እራት አልበላችም።

ሰኞ፣ ኦገስት 19

ተለማመድኩ። ብቻዬን፣ በጆሮ ማዳመጫ። በሯ ክፍት ነበር።

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

ዛሬ መጥታ የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለችው። "ምን እየመታሽ እንደሆነ ልስማ እንጂ" አለች። ሰማች። "ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትሮጫለሽ። ማን ያባርርሻል?" ደግሜ መታሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመታ በድምፅዋ ገባችልኝ፤ ሙሉ ዘፈኑን፣ እስከ መጨረሻው። ድምፅዋ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። አላቆመችም። እኔም።

ሲያልቅ "ደካማ" አለች። ስለ ማናችን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 29

የሚካኤል በዓል። ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው ግቢው ድረስ ቆሟል። ወንበሩ፣ አበባው፣ የአሳማ ጥብሱ ሽታ... ማሪቪክ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከኔ ፊት ቆመች። ሰዎች አወቋት። የድሮውን ድምፅ ነው የሚጠብቁት። ትከሻዋ ሲወጣ ሲወርድ አየሁ።

የመጀመሪያው ዘፈን በደህና አለፈ። ሁለተኛው እኩሌታው ላይ መብራት ጠፋ።

ማይኩም፣ አምፔም፣ ማራገቢያውም አንድ ላይ። የማኖንግ ኤልመር ጊታር ብቻዋን ቀረች፣ ቀጭን። ማሪቪክ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ወደ ኋላ ዞረች። እንዲህ ያለ ፍርሃት በፊቷ ላይ አይቼ አላውቅም።

አላቆምኩም። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ያለ መብራት ቤዙ ድምፅ የለውም፣ ለኔ ብቻ ነው በሆዴ የሚሰማኝ። ግን መታሁ። ጣቴን አየች። ጣቴን እያየች ትንፋሿን ሳበች፣ ስንኙ መጀመሪያ ላይ ገባች፤ ያለ ማይክ፣ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ። ቀስ ብላ ዞረች። ግቢው ያለው ሰው ሳይቀር ጸጥ አለ፤ ለመስማት ነው። የታችኛው ድምፅዋ ከግድግዳ ግድግዳ ደረሰ።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት አሮጊት ብቻ "ያ ከፍ ያለው ድምፅሽ የት ሄደ ልጄ፣ ይሄኛውስ ከየት መጣ?" አለቻት።

በኋላ ሩዝና ጥብሳችንን ይዘን ጥላ ሥር ስንቀመጥ ማሪቪክ፦

"መብራት ሲጠፋ ለምን አላቆምሽም?"

"አቁሚ አላልሽኝም።"

ከሳህኗ የተጠበሰውን የአሳማ ቆዳ፣ የምትወደውን፣ ወደኔ አሳለፈችው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ደላላው ደወለ። አነሳችለት። ኩሽና ሆኜ ሰማሁ። "ዝቅ አድርጌ ነው የምዘፍነው። ካልተስማማህ ሌላ ፈልግ።" እሱ የሚለውን አዳመጠች። "ባኮሎድ? ሠርግ ከሆነ እሺ። ግን ከራሴ ሰዎች ጋር ነው የምመጣው።"

የራሴ ሰዎች...

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ጀልባ ላይ ነኝ፣ ለሠርጉ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው ባኮሎድ። ከፋርማሲው ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ "ሥራ አለኝ" አልኩ። ሌላ ሥራ። ቃሉ አፌ ውስጥ እንግዳ ነበር።

ማኖንግ ኤልመር ባሕር አይስማማውም፣ ላስቲክ ይዞ አጎንብሷል። "መኪና ላይ ማን ይችለኛል" ይላል በየመሃሉ። አምፑን ከታች በገመድ አሰሩልን። ሠራተኛው ቤዙንም ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ አልሰጠሁትም። "የማን ነው?" አለ። "የኔ" አልኩት።

ማሪቪክ አጠገቤ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጉሮሮዋ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ለማታ ድምፅዋን እየቆጠበች ነው፣ ከተነሳን ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ተኝታለች ብዬ ቤዙን ጭኔ ላይ አድርጌ ያለ አምፕ፣ በቀስታ፣ የማታውን ዘፈን እለማመድ ጀመር። ሞተሩ ይጮኻል፤ ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም።

ዓይኗን ሳትገልጥ፦

"ሮጥሽ ኢንዳይ።"

ቀስ አልኩ።