ሳትጠይቀኝ ያቀረብከኝ መሥዋዕት

ሆዴ፣

አፈር ከለበስክ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በሰው ፊት «እርስዎ» ስልህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ብቻችንን ነንና «አንተ» እልሃለሁ።

የቤቱን ሣር አፍርሰን ቆርቆሮ አለበስነው። ዝናብ ሲጥል እርስ በርስ አንሰማማም። ገብሱን ውርጭ መታው፤ በጎቹ ግን ደህና ናቸው። አንተ የተቀበርከው ከመቅደሱ ጥግ፣ ከካህናቱ ጋር ነው። እኔ ስሞት ራቅ ብዬ ከሕዝቡ ጋር ነው የምቀበረው። ሞተህም መቅደሱ አልለቀቀህም።

በእግዜር አይቀናም ይላሉ። ይቀናል። ለቅዳሴ ስትሰናዳ መኝታ ትለያለህ፤ ስትመለስም ዓይንህ ቶሎ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።

ልጃችንን አስካለን ሳምጥ የቅዳሴው ሳምንት ተራ ያንተ ነበር፤ የምታድረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ምጡ ሲጠናብኝ እህቴ ልትጠራህ ሮጠች። ከበሩ ላይ «ቅዳሴ ገብቷል፤ ካህን ጥሎ አይወጣም» ብለው መለሷት። ቅዳሴው ሲያበቃ መጥተህ ደጅ ቆምክ። አራስ ቤት ከገባህ በማግስቱ መቀደስ አትችልማ! «በሰላም ተገላገልሽ?» አልከኝ ከግድግዳው ማዶ። ፊትህን ፈልጌ ድምፅህን ብቻ ሰማሁ።

ኋላ ሳለቅስብህ፣ «መሥዋዕቱ የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው፤ እኛ የምንጨምረው ራሳችንን ነው» አልከኝ። ራስህን ስታቀርብ ግን እኔንም አብረህ አቀረብከኝ፤ ሳትጠይቀኝ።

አሁን ደግሞ ለአስካለ፣ ሊቀስስ የተሰናዳ ዲያቆን ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሁሉም እንደተቀመጡ፣ «ምጥ ሲይዛት ቅዳሴ ላይ ብትሆን ትመጣለህ?» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ፤ የቄስ ሚስት ይህን ትጠይቃለች ወይ ብለው።

«እናቴ፣ አልመጣም» አለ ዲያቆኑ። «ይህን ሳልነግራት ግን አላገባትም።»

አስካለን ጠርቼ በፊቷ አስደገምኩት። እሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየች፤ «እሺ» አለች። ሽማግሌዎቹ እልል በይ ሲሉኝ እልል አላልኩም። በገዛ ልጄ ቀናሁ ሆዴ፤ እሷ ተጠይቃለችና።

ሠርጉ ለጥር ነው። መርቃት።

ካህኑን የመቅደሱ ሰዎች በጸሎታቸው ያስቡት። እኔ የማስበው ባሌን ነው፤ ከዘመሮ ገበያ ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ ሰው አለመኖሩን ዞር ብሎ አይቶ እጄን የያዘኝን። እሱን እስክሞት አልረሳውም። ለማንም፣ ለመቅደሱም ቢሆን፣ አላካፍለውም።