ጎብዬ እጥፋቱ ውስጥ ስትቀር

ሰለሞን፣

ካርዱ መሐሉ ላይ የታጠፈው በፖስታ ቤት ጥፋት አይደለም፤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ በወልድያና በቆቦ መሐል፣ ጎብዬ ሲቆም ማንጎ የምትሸጥ ዚነት የምትባል ሴት ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ቆቦ ላሉ ተማሪዎች ሕዋን አጥፎ ወደ ከዋክብት ስለመሄድ ላስረዳ ነው አልኳት። ከመጽሐፋችን ረቂቅ ያንተን የወረቀት ምሳሌ ወስጄ፣ «ይህ ጫፍ ወልድያ፣ ያኛው ቆቦ» ብዬ ይህን ካርድ አጥፌ ሁለቱን አገናኘሁ።

«ጎብዬስ ጋሼ? እጥፋቱ ዋጠን እኮ! ማንጎዬን ማን ሊገዛኝ ነው?»

አሮጌው መንገድ እንዳለ ይኖራል ብላት፣ «መኪና ካላለፈበት ምን ያደርግልኛል?» አለች። አቋራጩን ከፍቶ ለማቆየት ከባዶ በታች የሆነ፣ ኔጋቲቭ የሚባል ኃይል እንደሚያስፈልግ፣ ያን ያህል ደግሞ ማንም አግኝቶ እንደማያውቅ ስነግራት ሳቀች። «ወላሂ፣ እሱን አስቀድመው አይነግሩኝም ነበር?»

የተናደድኩት በእኛ ነው። ወረቀት ስናጥፍ ያየ ተማሪ ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የጎደለውን ግን የጻፍነው በግርጌ ማስታወሻ ነው። ምዕራፉን ለማተሚያ ቤት እንዳትሰጥ! «ይህ ኃይል አልተገኘም» ብሎ ይጀምር፤ ቆቦም የምጀምረው በዚሁ ነው።

ሙቀቱ የደሴን ብርድ ያስናፍቃል። ቦታ አለቀብኝ፤ ጌጤንና ልጆቻችሁን ሳምልኝ። ካኮረፍክ ጌጤ ትዳኘን።

ሙንተሲር