በስልክ የተባለ «ይተካልሽ»

ልጄ ባርናባስ፣

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ፤ በሰው አገር የሚያይህ ዓይን በመልካም ይይህ። ጤናህ እንዴት ነው? እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ ደረትህን ሸፍን። ዲላ ዝናቡ አላባራም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሰፈራችን ፈንግል ገብቶ ዶሮ ፈጀ። መጀመሪያ የጎረቤታችንን የመሰለችን ዶሮዎች ጨረሰ። የዶሮ እርባታ ሥልጠና ስንወስድ አሠልጣኟ ሀዊ፣ «ዶሮ የሞተበት ግቢ አትሂዱ፤ በሽታው በጫማችሁ ተከትሏችሁ ይመጣል» ብላን ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ግን እንደ ወጉ መሰለችን «እግዜር ይተካልሽ» ሊሏት ተያይዘው ሄዱ። እኔ ቀረሁ። በስልክ «ይተካልሽ» ብላት ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ የሁሉም ዶሮዎች አለቁ፤ የእኔ ብቻ ተረፉ። አሁን ደጄን የሚረግጥ የለም። ሰውን ከዶሮ አሳነሰች ይሉኛል። ሀዊ መጥታ «ጎበዝ፣ ሥልጠናው የገባሽ አንቺ ነሽ» ብትለኝ አንገቴን ደፋሁ። ጠዋት በሰፈሩ የሚጮኸው የእኔ አውራ ዶሮ ብቻ ነው፤ አፉን ባፍነው እወዳለሁ። መሰለች እኮ እኔ አራስ ሆኜ ታምሜ ስተኛ፣ ከልጇ ጋር ጡቷን ያካፈለችህ ሴት ናት።

ፈጣሪ በጤና ያገናኘን፤ እንደወጣህ አያስቀርብኝ። እባክህ ልጄ፣ መሰለች ጋ ደውልና «ይተካልሽ» በላት። አንተ ሩቅ ነህ፣ በስልክ ቢሆንም አትቀየምህም። «የእናትህ ዶሮዎችስ?» ካለችህ ግን፣ አልሰማሁም በላት።

እናትህ