መግቢያውና መደቡ

ቡሬ፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ያምሮትስ ጉንፋኑ ለቀቃት? ገበዝ ማርያም ላይ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ።

ስሙን እንዳላነሳብሽ አስጠንቅቀሽኛል፤ አላነሳውም። የያምሮት አባት ልበል። ትዳራችሁን ያፈረሰው ቁማር እንደሆነም አልረሳሁም። ይህን ካልነገርሁሽ ግን አንጀቴ አያርፍም።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔና እሱ ያረጋል ከሚባል እህል ነጋዴ ቤት ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር እንጫወታለን። መግቢያው ሁለት መቶ ብር ነው። ካርታ ሳይታይ ተራ የደረሰው የሚጥለው መደብ ደግሞ ሁለት ብር ነበር። የያምሮት አባት ሁልጊዜ ሁለት መቶዋን ብቻ ይዞ ይቀመጣል፤ ካለቀችበት ሻዩን እየጠጣ ያያል እንጂ አይጨምርም።

ባለፈው እሁድ ያረጋል መደቡን ሃያ ብር አደረገው፤ መግቢያውን ግን አልነካውም። «ያለቀበት ይጨምራል» አለ። አስቢው እንግዲህ፤ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መታገሥ ቀረ። ወንበሩ ሳይሞቅ መደቡ ብራችንን በላው። የያምሮት አባት ባዶ ሲቀር ያረጋል ሳቀና «ወንድ ልጅ እኮ ከኪሱ ብር አይጠፋም!» አለው።

የያምሮት አባት ከደረት ኪሱ በላስቲክ የታሰረ ብር አወጣ። እታለሜ፣ ክው አልሁ! ያ የድሮው ዓይኑ መጣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እጁን ግን አላነሳበትም። «መደቡ ሃያ ከሆነ መግቢያው ሁለት ሺህ ነው። እኔ የሁለት ሺህ ሰው አይደለሁም» አለና ብሩን ይዞ ተነሣ።

ያረጋል «ፈሪ!» አለው።

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ» ብሎት ወጣ። እኔም ጨዋታውን ትቼ ተከተልሁት።

መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ያን ብር ከነላስቲኩ ሰጠኝ። «እንደ ወትሮው፣ ለያምሮት በስምህ ላክላት» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው እጅ ለያምሮት ትምህርት የሚሆን ብር ልኬልሻለሁ። «ወንድም ዓለም፣ ከዚያች ደመወዝህ ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለህ?» እያልሽ ስትጨነቂ ነበር። ከእንግዲህ አትጨነቂ። ስትቀበዪም እኔን አታመስግኚኝ።

ማርያም ጓዳሽን ትሙላልሽ፤ ያምሮትን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ።

አንቺው ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ